የጎደለችው ምርጫ

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲመጣ ከአንዲት ቀበሌ ትምህርት ቤት ልጆች አንድ እንኳ ያለፈ ጠፋ። የወረዳው ትምህርት ኃላፊ በመኪና ከተፍ አሉና ወላጆችን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሰብስበው፣ "ይህን ትምህርት ቤት ልዘጋው ነው የመጣሁት" አሉ።

ከወላጆቹ መካከል ምላሷ እንደ ምላጭ የተሳለ አንዲት ጌሾ ሻጭ ነበረች። ልጇ ወድቆባት አንጀቷ አሯል። ዓይኗ ግን ከኃላፊው መኪና ላይ አልነሣ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ሲጠበቁ የከረሙት የሒሳብ መጻሕፍት ገና ከነካርቶናቸው እዚያ ላይ ተከምረዋል።

ኃላፊው አዩዋት። "ምላሰኛዋ አንቺ ነሽ አሉ! እስቲ እንደ ልጆቹ ልፈትንሽ። መልሱን ካገኘሽው ትምህርት ቤቱ አይዘጋም። ልጆቹን የጣላቸው ምንድን ነው? ሀ፣ የተማሪ ስንፍና። ለ፣ የወላጅ ቸልተኝነት። ሐ፣ የመምህር ድክመት። አንድ ፊደል ብቻ! ወሬ አልፈልግም።"

ሰዉ ጨነቀው። ሀ ብትል ልጇን፣ ለ ብትል ጎረቤቶቿን፣ ሐ ብትል በባዶ እጃቸው ሲያስተምሩ የከረሙትን መምህራን አሳልፋ መስጠቷ ነው።

"መ" አለች ሴትዮዋ።

ኃላፊው ከት ብለው ሳቁ። "ይኸው! እናትዬውም ወደቀች! መ የሚባል ምርጫ መቼ ሰጠሁሽ?"

"አልሰጡኝም፣ ጌታዬ" አለች እጅ ነሥታ። "አልፈርድብዎትም፤ ጥያቄ የሚያወጣ ሰው ራሱን ምርጫው ውስጥ ማስገባት ይረሳል። መ፣ መጽሐፉን ከፈተናው በኋላ የሚያመጣ ኃላፊ።"