ቢራቢሮዋና አባባዩ ብል

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ነፍሳቱም ዕቃውም አፍ አውጥቶ ያወራ በነበረበት ዘመን የሆነውን ላውጋችሁ።

በአንድ አሮጌ ሙዚየም ውስጥ፣ ክዳኑ መስታወት በሆነ መሳቢያ፣ በመርፌ የተሰካች ሰማያዊ ቢራቢሮ ነበረች። የመጣችው ከጎሬ ጫካ ነው። ጫካው ከተመነጠረ ቆይቷል። እሷ ግን ዝናቡ ካባራ በኋላ የሚሸተው አፈር፣ በቅጠሉ መሀል ሾልኮ የሚገባው ፀሐይ ሁልጊዜ ይናፍቃት ነበር።

የሙዚየሙ ጠባቂ ወይዘሮ ደብሪቱ ጠዋት ጠዋት አቧራውን እየጠረጉ «እንዴት አደርሽ የኔ ቆንጆ?» ይሏታል። አንድ ቀን ካሜራ ይዘው መጡ።

«ሁላችሁንም ፎቶ አንስቼ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባችኋለሁ። አገር ምድሩ ያያችኋል» አሉ።

ይህን ጊዜ አንድ የተራበ ብል ከጣውላው ሥር ሆኖ ይሰማ ነበር።

እሳቸው ካሜራውን እዚያው ትተው ሲወጡ ብሉ መጣና «እመቤቴ፣ በረደኝ፤ አስጠጊኝ» አላት።

«ሂድ ወዲያ!» አለችው።

ተመልሶ መጣና «ስለ ጫካሽ እያወራሁ አጫውትሻለሁ» አላት።

«ጫካ መቼ አይተህ ታውቃለህ? ሂድ!» አለችው።

አሁንም መጣ። «መልክሽን ካሜራው ከወሰደው አንቺ ምን ታደርጊላቸዋለሽ? አውጥተው ይጥሉሻል። አስገቢኝና ልደብቅሽ» አላት።

ቢራቢሮዋ ፈራች። ፈራችና «በመሳቢያው ጥግ ባለው ስንጥቅ በኩል ግባ» አለችው።

ገባ። ገብቶም ክንፏን ከዳር ጀምሮ ይበላ ጀመር።

«ኧረ ልደብቅሽ ብለኸኝ አልነበር?»

«ሆዴ ውስጥ እየደበቅኩሽ እኮ ነው!»

ጩኸቷን ካሜራው ሰማ። መብራቱን ቦግ፣ ቦግ፣ ቦግ እያደረገ «እትዬ ደብሪቱ! ይድረሱ!» አለ። ወይዘሮ ደብሪቱ እየሮጡ መጥተው ብሉን በወረንጦ ለቅመው አወጡት። ስንጥቁንም ደፈኑ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ብለሽ አስገባሽው?»

«ሊጥሉኝ መስሎኝ ነዋ፣ እትዬ።»

«ፎቶው እኮ ላንቺ ምትክ አይደለም። ሩቅ ያለ ሰው እንዲያይሽ ነው። አንቺንማ እኔ እጠብቅሻለሁ» አሏትና ከነተቀደደ ክንፏ ፎቶ አነሷት።

ፎቶውን ካዩት መሀል ገለታ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አይተው አላስቻላቸውም፤ ሙዚየሙ ድረስ መጡ። መስታወቱ ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ።

«ይህቺን እኮ ልጅ ሆነን ጎሬ፣ ወንዝ ዳር እናባርራት ነበር» አሉ። «እህቴ ‹ተዉአት፣ እናቷ ዘንድ እየሄደች ነው› እያለች ትቆጣን ነበር። እህቴም የለች፤ ወንዙም ደረቀ።»

እንባቸውን ጠረጉ። ቢራቢሮዋም ፎቶው ሰው ይዞላት እንደመጣ እንጂ እንዳላስጣላት አየች፤ ከዚያች ቀን ወዲህም ፍርሃት የሚባል አላወቀችም።

እናንተም ስጋት ሲይዛችሁ፣ የሚያስፈራራችሁን ሳይሆን የሚጠብቃችሁን ጠይቁ። ወሬዬ እዚህ ላይ አበቃ፤ እናንተ ደግሞ ለሌላው አውሩት።