የተመረቀው ዋይፋይ

ዶክተር ይርዳው የሚባሉ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ነበሩ፤ ሪባን መቁረጥ ካገኙ ምሳቸውን ይረሳሉ። አንድ ጊዜ አንቴናው ገና ከጉምሩክ ሳይወጣ አዲሱን የግቢ ዋይፋይ በማርሽ ባንድ አስመረቁ። ሠራተኛውም ተማሪውም እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ።

ብዙም ሳይቆይ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ሊመጡ ሆነ። ፕሬዝዳንቱ የኮምፒውተር ክፍሉን ሠራተኛ ጠርተው፣ «የድሮውን ዋይፋይ ከሁሉም ኮምፒውተር ላይ አጥፊና የአዲሱን ስምና የይለፍ ቃል ጫኚ። እንግዶቹ ሌላ ስም እንዳያዩ» አሏት።

«አዲሱ እኮ ገና አልተተከለም» አለች።

«ተመርቋል እኮ» አሉና አፏን አዘጓት። እንደታዘዘችው አደረገች።

እንግዶቹ መጥተው ኮምፒውተሮቹ ፊት ተቀመጡ። የአዲሱ ዋይፋይ ስም በየስክሪኑ ላይ አለ፤ አንዱም ኮምፒውተር ግን አልገናኝ አለ። የእንግዶቹ መሪ ዞር ብለው ፕሬዝዳንቱን አዩ፤ ፕሬዝዳንቱም ዞር ብለው ሠራተኛዋን አዩ።

«ለእንግዶቻችን አስረጂ እንጂ» አሉ ቆጣ ብለው። «ጥፋቱ የኮምፒውተሮቹ ነው ወይስ የአንቺ?»

የእኔ ነው ካለች ከእንጀራዋ ልትፈናቀል ነው። የኮምፒውተሮቹ ነው ካለች ደግሞ ፕሬዝዳንቱ በሰላም ወደ ምሳ ግብዣው ሊሄዱ ነው።

«የኮምፒውተሮቹ ነው፣ ክቡር ፕሬዝዳንት» አለች እጅ ነስታ። «እኛ ዋይፋይ መኖሩን ያወቅነው ሪባኑ ሲቆረጥ አይተን ነው። እነሱን ግን ምረቃው ላይ የጠራቸው የለም።»