መላጣው ሰውዬና የዳኛው ጥላ

አንድ መላጣ ሰው ነበረ። ራሰ በራ እያልኩ አላለሳልሰውም፤ መላጣ ነበረ። አንተም መላጣ ነህ፣ ደምለው፣ ስለዚህ አትቆጣ። ያንን በቅጠል ጠቅልለህ ያመጣኸውን ቅቤ እዚያ መደቡ ላይ አስቀምጠውና ስማኝ። ከትናንት በስቲያ ቀብር ላይ ባርኔጣህን አውልቀህ ስትቆም አናትህ ተቃጠለ፤ ምን ልቀባው ብለህ ጠየቅኸኝ። ነገም ሌላ ቀብር አለብኝ፣ ባርኔጣ ባደርግ የእድሩ ሊቀመንበር በሰው ፊት ያዋርደኛል፣ ማድረጉስ ነውር ነው ወይ ብለህም ጠየቅኸኝ። ሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው። መልሱ ይኸውልህ።

ሰውየው ገበሬ ነበረ። ሽንኩርትና ቃሪያ የሚያበቅልባት ቁራሽ መሬት ነበረችው። ያቺን መሬት የሚያጠጣት ከወንዝ ተጠልፎ የሚመጣ ቦይ ነው። በቦዩ የሚጠቀሙት ሁሉ ቀን ቀን አላቸው፤ ቀኑን የሚደለድለው አንድ ሽማግሌ ነው፤ የውሃ አባት ይሉታል። ለመላጣው ማክሰኞና ቅዳሜ ደርሶታል።

ከእሱ ማሳ በላይ ደግሞ አንድ ሀብታም ነበረ። ለሀብታሙ የደረሰው ሐሙስ ብቻ ነው። ግን ከላይ ያለው እሱ ነውና ማክሰኞም ቅዳሜም ቦዩን በድንጋይና በአፈር እየደፈነ ውሃውን ወደ ራሱ መለሰው። የመላጣው ቃሪያ ጠወለገ። ሽንኩርቱ አፈር ውስጥ እንዳለ እንደ ሕፃን ጣት ቀጥኖ ቀረ። የሰውየው ልጆች የሚበሉት ከዚያች መሬት ነው፤ ሌላ የላቸውም። ስለዚህ ከሰሰ።

በዚያ ዘመን ዳኛ የሚቀመጠው ወርካ ሥር ነበር። ዳኛው ከጥላው መሃል፣ ወንበር ላይ፣ ባርኔጣውን እንዳደረገ። ተከራካሪዎቹ ከጥላው ውጭ፣ ፀሐይ ላይ። የወርካ ጥላ ሃምሳ ሰው ያስጠልላል፤ ግን ሥርዓቱ እንዲያ ነው። ባለጉዳይ ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አደግድጎ፣ ራሱን ገልጦ ይቆማል። ይህ ለዳኛው አክብሮት ነው ተባለ።

ሀብታሙ ፀጉሩ እንደ በግ ለምድ ጥቅጥቅ ያለ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጎን ለጎን ቆመው ሳለ የባላጋራውን አናት አየ። ጠዋት እንደ ደህና ሸክላ ያበራ የነበረው አናት ረፋድ ላይ እንደ ቲማቲም ቀላ። ሀብታሙ ሞኝ አይደለም፤ ገባው። ከዚያ ወዲያ ነገር ማሳጠር ተወ። አያቱ መሬቱን እንዴት እንዳቀኑ ተናገረ። ከዚያ ወደ አያቱ አያት ሄደ። ምስክር ጠራ፤ ምስክሩም ስለ ገዛ አያቱ ተናገረ። ቀትር ሆነ፣ ዳኛው ራበውና ለሳምንት ቀጠረ። መላጣው አንዲት ቃል ሳይናገር ተመለሰ።

ቤቱ ሲገባ ጎረቤት ተሰበሰበ። «ራስ ሲያም ቅቤ ነው እንጂ» አለ አንዱ። «ለጋውን፣ ወፈር አድርጋችሁ» አለ ሌላው። ሁሉም ፀጉር አላቸው። ሚስቱ «ቃጠሎ ላይ ቅቤ?» ብትል ማን ሰማት። ቀቡት። በቀጠሮው ቀንም ጠዋት ደርበው ቀቡና ሰደዱት።

ቅቤ ፀሐይ ላይ ምን እንደሚሆን አንተም ታውቃለህ። ሦስት ሰዓት ላይ ቀለጠ፤ በጆሮው ሥር ወረደ፣ አንገቱ ውስጥ ገባ። አምስት ሰዓት ላይ ቆዳው ተቆጣ። ስድስት ሰዓት ላይ ውሃ ቋጠረ። ሀብታሙ ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «ጎበዝ፣ ይህ ሰው የመጣው ለክርክር ነው ወይስ ለጥብስ? ሽንኩርት እንደሁ የሱ ደርቋል፣ ከኔ ማሳ ይምጣለት» አለ። ሰዉ ሳቀ። ዳኛውም ጥላው ውስጥ ሆኖ ፈገግ አለ።

«አሁን አንተ ተናገር» ሲባል መላጣው አፉን ከፈተ። ዓይኑ ጨለመበት፣ ምላሱ ደረቀ። ስንት ቀን በልቡ ሲያጠናው የከረመው ሁሉ ከቅቤው ጋር ቀልጦ ወረደ። «ጌታዬ፣ ውሃው...» አለና ቆመ። ዳኛው ተሰላቸ። «የሚመጣው ሳምንት የመጨረሻ ነው። ያን ቀን ካልተናገርክ ውሃውን ለባላጋራህ እፈርዳለሁ» አለው።

ቤቱ ሲደርስ ብርድ ብርድ አለው። ያን ጊዜ ሚስቱ በሩን ዘጋች። ጎረቤቶቹ ውጭ ቆመው ስለ ቅቤው ሲከራከሩ፣ «ፀጉራችሁን ተላጭታችሁ ኑ፣ ያኔ እሰማችኋለሁ» አለቻቸው። ቅቤውን ለብ ባለ ውሃ ቀስ አድርጋ አጠበችው። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ እየነከረች አናቱ ላይ አኖረች፤ ጨርቁ ሲሞቅ ታነሳዋለች፣ ነክራ ትመልሰዋለች። ሬት ቆርጣ ቢጫውን ፈሳሽ አንጠባጥባ ጣለችው፤ የውስጡን ነጭ ዝልግልግ ብቻ አሳስታ ቀባችው። ውሃ አጠጣችው፣ ደግማ አጠጣችው። የቋጠረውን በእሾህ ላፍርጠው ሲል እጁን በማማሰያ መታችው። «ከሥሩ ያለው ቆዳ ገና ሕፃን ነው፤ ክዳኑን አትግፈፍበት» አለችው። ስድስት ቀን ፀሐይ አላሳየችውም።

በስድስተኛው ቀን አናቱ ሻል አለው፣ ልቡ ግን ወድቋል። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። የሱ ውሃ በሀብታሙ ማሳ ውስጥ ሲንፏፏ ከቤቱ ሆኖ ይሰማዋል።

«ይቅርብኝ» አላት። «ይውሰደው። ሦስተኛ ጊዜ እዚያ ፀሐይ ላይ ከቆምኩ እሞታለሁ።»

«ማን ቁም አለህ?»

«ሥርዓቱ ነዋ፣ አንቺ ደግሞ።»

«ሥርዓቱን ያወጣው ፀጉር ያለው ሰው ነው» አለች። «አሁን እኔን ስማኝ። ዳኛው አክብረኝ ብሎሃል። ተቃጠልልኝ ብሎሃል?»

«አላለም።»

«እንግዲያ የጠየቀህን ስጠው። ያልጠየቀህን ምን በወጣህ ትጨምርለታለህ?»

በቀጠሮው ቀን መላጣው ማልዶ ተነሣ። ነጭ ኩታውን በውሃ ነክሮ ጨምቆ ጭንቅላቱ ላይ ጠመጠመ፤ ጆሮውም ማጅራቱም ተሸፈነ። መንገድ ላይ የሚያውቁት ሰዎች፣ «መቼ ቀሰስክ አንተ? አባ፣ ይባርኩን እንጂ» አሉት። «ይባርካችሁ» አለና አለፈ። ስሙ እስኪጠራ ከአንድ ግራር ሥር ተቀመጠ።

ተጠራ። የዳኛው አጋፋሪ ዱላውን ዘርግቶ፣ «ፍታ። አደግድግ። እዚያ ቁም» አለው። እዚያ ማለት ፀሐዩ ላይ ነው።

«እፈታለሁ» አለ መላጣው። አልቆመም ግን። ከዱላው ሥር ጎንበስ ብሎ አለፈ፤ የጥላውን ዳር ተሻገረ፤ ከዳኛው ወንበር ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ያንን ዳር የተሻገረ ባለጉዳይ ከዚያ በፊት አልታየም። መላጣው እዚያው ኩታውን ፈታ፣ ወገቡ ላይ አደገደገ፣ እጅ ነሣ። እጅ ሲነሣም ጠልቆ ነው፤ አናቱ ከዳኛው አፍንጫ ሥር መጣ። የተላጠው ቀይ፣ ያልተላጠው ጥቁር፣ መሃሉ ላይ ገና ውሃ እንደቋጠረ።

አጋፋሪው ከኋላ ደርሶ ክንዱን ያዘው። መላጣው ቀና ሳይል ተናገረ።

«ጌታዬ፣ ራሴን ገልጫለሁ፤ አደግድጌአለሁ። ፀሐዩ ላይ ብቆምም ከዚህ የበለጠ አክብሮት የለኝም። የሚፈልጉት አክብሮት ከሆነ ይኸው። የሚፈልጉት የኔን መቃጠል ከሆነ ግን አሁን ይንገሩኝ፤ ይህም ሁሉ ሰው ይስማው።»

ሀብታሙ ጮኸ። «ሥርዓት ፈረሰ እኮ። እኔስ ፀሐይ ላይ ቆሜ የለም እንዴ? ምን ሆንኩ?»

«ፀጉርህን አውሰኝና ከጎንህ እቆማለሁ» አለው መላጣው።

ዳኛው ያን አናት አየ። ከዚያ ከጥላው ባሻገር ያለውን ትኩስ መሬት አየ፤ እዚያ ወንበር ላይ ስንት ዓመት ቢቀመጥም ልብ ብሎ ሲያየው ያን ቀን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። እጁ ወደ ባርኔጣው ሄደና መንገድ ላይ ተመለሰ። «ልቀቀው» አለ አጋፋሪውን። «ይናገር።»

ጥላ ውስጥ የመላጣው ምላስ ተፈታ። ብዙም አልተናገረ። «የውሃ አባቱ ይጠሩልኝ፤ የማን ቀን መቼ እንደሆነ እሳቸው ይናገሩ» አለ፤ ይኸው ነው። ሁለት ቀጠሮ ሙሉ ማንም ዞር ብሎ ያላያቸው ሽማግሌ ከሰዉ መሃል ተነሡ። «ማክሰኞና ቅዳሜ የዚህ የመላጣው ነው። ሐሙስ የዚያ የጎፈሬው ነው። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም» አሉ። ሀብታሙ አያቱን ሊያነሣ ጀመረ። «አያትህም ሐሙስ ያጠጡ» አለው ዳኛው። ውሃው ለመላጣው ተፈረደ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ የወርካው ጥላ አንድ ክንድ እንኳ አልሸሸም ነበር።

በተከታዩ ሳምንት ዳኛው ወንበሩን ወደ ግንዱ አስጠጋ፤ ለባለጉዳይ የሚበቃ ጥላ ተለቀቀ። ለምን እንዳስጠጋው ለማንም አልተናገረም። ዳኛ ተሳሳትኩ ሲል ሰምተህ ታውቃለህ?

እንግዲህ ደምለው፣ ያ ዳኛ የናንተ እድር ነው። ሟቹን አክብር አለህ እንጂ ተጠበስ አላለህም። ቅቤውን የመከሩህም እነዚያው ፀጉራም ጎረቤቶች ናቸው። ከትናንት በስቲያ ፀሐይ ላይ የቆምከው ሟቹን አክብረህ አይደለም፤ ሊቀመንበሩን ፈርተህ ነው። ቄሱን አላየሃቸውም? ጠምጥመው፣ በላዩ ጥላ ተይዞላቸው ነው ፍትሐት ያደረሱት። ታዲያ ሟቹን ናቁ?

አሁን ቤትህ ግባና እንደዚያች ሴት አድርግ። ውሃና ጨርቅ። የቋጠረውን እንዳትነካ። ቢያተኩስህ ወይ ቢያስመልስህ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ሊቀመንበሩም አይደለም። ነገ ባርኔጣህን አድርግ፤ ያንን ሰፊውን፣ ጆሮህንም የሚያስጠልለውን። ልጅህ ከከተማ የላከችልህን የፀሐይ ቅባት ደግሞ አናትህ ሲሽር ከመውጣትህ በፊት ተቀባ፤ ላብ ሲያጥበው ድገመው። ወንድ ልጅ ይቀባል ወይ የሚልህ ካለ፣ ቅቤ ስቀባ የት ነበርክ በለው። መላጣውን ሊደብቅ ነው የሚልም አይጠፋም። ምኑን ትደብቀዋለህ፣ አገር ያየው ነገር።

ሊቀመንበሩ አውልቅ ሲልህ እሺ በል። ከመቃብሩ ወዲህ ያለው ጥድ ሥር ሂድና እዚያ አውልቅ። ከዚያ እጅ ንሣው፤ ጠልቀህ፣ አናትህ አፍንጫው ሥር እስኪደርስ። ከእድሩ ቢያስወጡኝስ ልትለኝ ነው፤ ከአፍህ አየሁት። ከኔ ቀድመህ ከሞትክ እኔ አስቀብርሃለሁ፣ ያውም ጥላ ሥር።

በል ሂድ። ቅቤውን ግን ተወው። እኔ ቤት ወጥ አለ።