ዓለምን ሊዞር የነበረው የእትዬ ፋንታነሽ ሙቀጫ

ይህ ተረት ጅብ የለበትም፤ ዝንጀሮም የለበትም። ያለበት የሬጌ ባንድ ነው። ጅብ ከባንዱ የሚሻለው፣ የወሰደውን እመልሳለሁ ብሎ አለመማሉ ነው።

ሻሸመኔ ውስጥ እትዬ ፋንታነሽ የሚባሉ ኩሩ ሴት ነበሩ። ኩራታቸው በሀብት አይደለም፤ በአንድ የወይራ ሙቀጫ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ማኅበርተኛ ሲያበሉ የወፍጮ ቤት በርበሬ ደጃፋቸውን አልረገጠም። "መኪና የፈጨው በርበሬ ያቃጥላል እንጂ አይጣፍጥም፤ ልክ እንደ ክፉ ምራት" ይላሉ።

ከአጥራቸው ማዶ ስምንት ወንዶች ያሉበት የሬጌ ባንድ ቤት ተከራይቶ አልበም ይቀርጽ ነበር። አንድ ቀን እትዬ ፋንታነሽ ሲወቅጡ ድምፁ በመስኮት ገብቶ ከዘፈኑ ጋር ተቀረጸ። ባንዱ አበደ። ከበሮ መቺው በላቸው እየሮጠ መጣና "እትዬ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ያውሱን!" አለ። አዋሱት። ዘነዘናውን ግን "እሱ የቤቱ አባወራ ነው፣ አይወጣም" ብለው ከበር ኋላ አቆሙት።

አንዱ ቀን ሦስት ወር ሆነ። አልበሙ ወጣ፤ ስሙም "ሙቀጫ" ተባለ። ባንዱ ቅዳሜ ተነሥቶ ናይሮቢ፣ ከዚያ ሃምቡርግ፣ ከዚያ ኪንግስተን ሊዘፍን ትኬት ቆረጠ። እሑድ ደግሞ የማርያም ጽዋ ነው፤ ተራው የእትዬ ፋንታነሽ። በርበሬው ደርቋል፤ ተቀንጥሶ ተለቅሟል። የቀረ ነገር ቢኖር ሙቀጫው ነው።

ሐሙስ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ በላቸው ሄዱ።

"በላቸው፣ ሙቀጫዬን።"

"ውይ እትዬ! እኔ መቺ ነኝ እንጂ አዛዥ ነኝ? ዘፋኙ ካላዘዘኝ አልነካውም።"

በላቸው ሙቀጫ አይመልስም፤ እትዬ ፋንታነሽ በርበሬ አይወቅጡም፤ እሑድ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም።

ወደ ዘፋኙ ሄዱ። ዘፋኙ ራስ ኢዮኤል ይባላል፤ ጸጉሩ ወገቡ ላይ የደረሰ፣ ንግግሩ የትም የማይደርስ። "ንግሥቴ" አላቸው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "ሙቀጫው ያንቺ አይደለም፤ የእኔም አይደለም፤ የፍቅር ነው።"

"ታዲያ ፍቅር መጥታ ትውቀጥልኝ!"

"ሥራ አስኪያጁ ካልፈቀደልኝ አልችልም፣ ንግሥቴ።"

ስለ ፍቅር በአሥራ ሁለት ዘፈን አልበም ሞልቶ፣ ስለ ሙቀጫ ሲጠየቅ አንዲት እሺ አጣ። ዘፋኙ በላቸውን አያዝም፤ በላቸው ሙቀጫ አይመልስም፤ እትዬ ፋንታነሽ በርበሬ አይወቅጡም፤ እሑድ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ አቶ ደጀኔ ሄዱ። አቶ ደጀኔ ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮው ይዞ በሁለቱም "እደውልልሃለሁ" ይላል።

"እናቴ፣ እኔማ ደስ ባለኝ! ግን የሃምቡርጉ ጋባዣችን ሙቀጫውን ፖስተር ላይ አውጥቶታል። ከዘፋኙ ጭንቅላት በልጦ ነው የወጣው።"

"ከጭንቅላቱማ ይበልጣል። ውስጡ ነገር ይገባበታል።"

"እሱ ፖስተሩን ካልቀየረ አልፈቅድም።" በዚያው ጀርመን ደወለ። ጋባዡ ሚስተር ኡልሪክ በስልኩ ውስጥ ጮኸ፤ አቶ ደጀኔም ተረጎመ፦ "ፖስተሩን የምቀይረው የቪዛው ዝርዝር ከተቀየረ ነው ይላል። እዚያ ላይ 'ስምንት ሰው፣ አንድ ሙቀጫ' ተብሎ ተጽፏል።"

ጀርመኑ ፖስተር አይቀይርም፤ ሥራ አስኪያጁ ዘፋኙን አይፈቅድለትም፤ ዘፋኙ በላቸውን አያዝም፤ በላቸው ሙቀጫ አይመልስም፤ እትዬ ፋንታነሽ በርበሬ አይወቅጡም፤ እሑድ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም።

"እንግዲያው የቪዛውን ዝርዝር ለያዘችው ጸሐፊ ደውል" አሉ እትዬ ፋንታነሽ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። ደወለ። ስልኩንም ሰጣቸው። ጸሐፊዋ ድምጿ እንደ ማር፣ መልሷ እንደ ኮሶ ነው።

"ሙቀጫው የባንዱ አለመሆኑን ቀበሌ በማኅተም ካላረጋገጠ አልሰርዝም፣ እናቴ።"

"ልጄ፣ ሙቀጫ ቪዛ ሲያገኝ የማን ልጅ ነህ ያለው አልነበረም። ቤቱ ልግባ ሲል ነው ማንነቱ የሚጠየቀው?"

ስልኩ ተዘጋ። ጸሐፊዋ ዝርዝር አትሰርዝም፤ ጀርመኑ ፖስተር አይቀይርም፤ ሥራ አስኪያጁ ዘፋኙን አይፈቅድለትም፤ ዘፋኙ በላቸውን አያዝም፤ በላቸው ሙቀጫ አይመልስም፤ እትዬ ፋንታነሽ በርበሬ አይወቅጡም፤ እሑድ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም።

ዓርብ ማለዳ ቀበሌ ደረሱ። ሊቀመንበሩ ገዛኸኝ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ተክዟል።

"ምነው፣ ምን ሆነሃል?"

"እማዬ የማኅተሙን ሣጥን ቁልፍ ቀማችኝ፣ እትዬ። ትናንት 'እሑድ ፋንታነሽ ቤት የምንበላው የወፍጮ ቤት በርበሬ ነው አሉ' ብላ ስታዝን፣ እኔ 'ታዲያ የወፍጮ ቤቱና የእጁ ምን ለያቸው?' አልኳት።"

"እንዲህ ብለህ ነው ለእናትህ የነገርካት? ገርፋህም ቢሆን አልፈርድባትም!"

ወደ እናቱ ወደ ወይዘሮ አልታየወርቅ ሄዱ። ሁለቱ የአንድ ጽዋ ማኅበርተኞች ናቸው፤ ሲወዳደሱም ሲናከሱም ሠላሳ ዓመታቸው። ወይዘሮ አልታየወርቅ ቁልፉን ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ተቀምጠዋል።

"ልዩነቱን በምላሱ ሳያውቅ ማኅተሙን በዓይኑ አያያትም" አሉ። "አንቺ ግን ፋንታነሽ፣ አሁንስ የወፍጮ ቤት ልታበይን ነው አሉ። ዕድሜ ደጉ፣ ስንቱን ያሳያል!"

እትዬ ፋንታነሽ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። ወይዘሮ አልታየወርቅ ቁልፍ አይሰጡም፤ ሊቀመንበሩ ማኅተም አይመታም፤ ጸሐፊዋ ዝርዝር አትሰርዝም፤ ጀርመኑ ፖስተር አይቀይርም፤ ሥራ አስኪያጁ ዘፋኙን አይፈቅድለትም፤ ዘፋኙ በላቸውን አያዝም፤ በላቸው ሙቀጫ አይመልስም፤ እትዬ ፋንታነሽ በርበሬ አይወቅጡም። በርበሬ ካልተወቀጠ ደግሞ ወይዘሮ አልታየወርቅ ቁልፍ አይሰጡም! ነገሩ ጭራዋን እንደምታሳድድ ውሻ ዞሮ ዞሮ መጣ።

እትዬ ፋንታነሽ ግን ውሻ አይደሉም። ቤታቸው ገቡ፣ አባወራውን ከበር ኋላ አነሡ፣ በርበሬ በጨርቅ ቋጠሩ፣ ባንዱ ወደሚለማመድበት ቤት ሄዱ። ዘፋኙ ዓይኑን ጨፍኖ ይዘፍናል። በላቸው ባዶውን ሙቀጫ በዱላ ይደበድባል።

"እትዬ፣ መመለስ ተከልክያለሁ..."

"መልስ ማን አለህ? መውቀጥ የከለከለ አለ?"

በላቸው አሰበ። የከለከለ አልነበረም።

በርበሬውን ጨመሩ፣ ዘነዘናውን አነሡ፣ ወቀጡ። ድም... ድም... ድም። ዘፋኙ ዓይኑን ገለጠ።

"ይህ ነው! ሦስት ወር የጠፋብን ድምፅ ይህ ነው!"

"ባዶ ሙቀጫ ስትደበድቡ ከርማችሁ ድምፅ ከየት ይምጣ? ድምፁ የበርበሬው ነው፣ የክንዴ ነው። ሙቀጫውን ተዉና ለክንዴ ቪዛ ጠይቁለት!"

"ንግሥቴ፣ እንግዲያው አንቺው አብረሽን ነዪ! ሃምቡርግ ይጠብቅሻል!"

"እሑድ ጽዋ አለብኝ።"

ሌላ ሊል አፉን ሲከፍት በርበሬው ቀድሞት ገባ። ስምንቱም አስነጠሱ። በሕይወታቸው አንድ ላይ የጀመሩትና አንድ ላይ የጨረሱት ነገር እሱ ብቻ ነው።

እትዬ ፋንታነሽ የወቀጡትን ቋጥረው ወደ ማኅበርተኛቸው ቤት ከነፉ። ወይዘሮ አልታየወርቅ በአንድ ጉርሻ የእጁን፣ በሌላው የወፍጮ ቤቱን አድርገው፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ሳይነግሩ ልጃቸውን አጎረሱት። የወፍጮ ቤቱ አሳለው። የእጁን ሲቀምስ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"እማዬ... ይሄኛው የልጅነቴ ነው።"

"ልጅነትህን ተወውና ይቅርታ ጠይቅ!"

ጠየቀ። እናቱ ቁልፍ ሰጡ፤ ሊቀመንበሩ ማኅተም መታ፤ ጸሐፊዋ ዝርዝር ሰረዘች፤ ጀርመኑ ፖስተሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ፤ ሥራ አስኪያጁ ለዘፋኙ ፈቀደለት፤ ዘፋኙ እያስነጠሰ በላቸውን አዘዘ፤ በላቸው ሙቀጫውን በትከሻው ተሸክሞ አጥሩን ዞሮ መጣ።

እትዬ ፋንታነሽ አጎንብሰው ውስጡን አዩ። "ባዶውን?"

"እ?"

"እናትህ የሰው ዕቃ ባዶውን መልስ ብላ ነው ያሳደገችህ?"

በላቸው ደንግጦ ሮጠ። ስምንት ወንድ የሚኖርበት ቤት ቢፈተሽ ሽንኩርት እንኳ ጠፋ። የተገኘው የአዲሱ አልበም ሲዲ ነው። እሱን ሙቀጫው ውስጥ አድርጎ ጉልበት ስሞ ሄደ።

ባንዱ ዓለምን ዞረ። በላቸው ሃምቡርግ ላይ የአቶ ደጀኔን ሻንጣ ደበደበ፤ ሕዝቡም "የጥንቱ ሙቀጫ ድምፅ አጥንት ይሰብራል" ብሎ አለቀሰ አሉ።

እሑድ ማኅበርተኛው በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ። ወይዘሮ አልታየወርቅ ሦስቴ አስጨመሩ፤ "መቼም ረሃብ ላይ ስለሆንኩ ነው" አሉ። ሲዲውስ? ከማኅበሩ የጠላ ማሰሮ አፍ ጋር ልኩ ገጠመ፤ ዝንብ የሚያስገባ ቀዳዳ መሐሉ ላይ ባይኖረው ኖሮ፣ እትዬ ፋንታነሽ እንዳሉት፣ ከዚያ ባንድ የወጣ ሁነኛ ሥራ ይሆን ነበር።

ተረቴን መልሱ፤ ባዶውን ግን እንዳትመልሱ።