የአራተኛ ፎቅ ምርቃት

ከንቲባ ሆዬ የአረጋውያን ጉዳይ ቢሮን ወስዶ አዲሱ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ሰቀለው። ሊፍቱ ገና ከተገጠመ ሳምንት ሳይሞላው ተበላሽቷል። አረጋውያኑ ደረጃው ግርጌ ቁጭ ብለው፣ ከላይ የሚወርድ ሠራተኛ ሲያገኙ ጉዳያቸውን ነግረው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ይኸው ከንቲባ አንድ ቀን "የአረጋውያን ድምፅ ይሰማ!" ብሎ ምድር ቤት አዳራሽ ስብሰባ ጠራ። ካሜራም ጠራ። አረጋውያኑን ፊት ወንበር ላይ ደርድሮ እስከ ምሳ ሰዓት ብቻውን አወራ። በመጨረሻ አንዲት ጠላ ሻጭ አሮጊት ምርኩዟን ወደ ላይ አንስታ "እኔም የምናገረው አለኝ" አለች።

ከንቲባው ፈገግ አለ። "እማማ፣ ትልቅ ሰው ይመርቃል እንጂ ይከራከራል እንዴ? በሉ ይመርቁንና እንነሣ።"

"ደግ ብለሃል ልጄ። እጅህን ዘርጋ።"

ከንቲባው ወደ ካሜራው ዞር ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ።

"የኛን ዕድሜ ይስጥህ።"

"አሜን!"

"ሸምግለህ ምርኩዝ ለመያዝ ያብቃህ።"

"አሜን! አሜን!"

"ያን ጊዜ ጉዳይ ሲያጋጥምህ፣ የምትሄድበትን ቢሮ አራተኛ ፎቅ ያድርግልህ።"

አዳራሹ በአንድ ድምፅ "አሜን!" አለ። ከንቲባው ብቻ የዘረጋውን እጅ ሰብስቦ ኪሱ ከተተ።

"ምነው ልጄ፣ አሜን በል እንጂ" አለችው አሮጊቷ። "እርግማን መሰለህ እንዴ? ለኛ የሰጠኸንን እኮ ነው የመረቅሁህ።"