የወንዝ ዳር ትምህርት ቤት በር

ተረት ተረት። የእኔ ተረት የላም በረት የለውም። ያለው አንድ በር ነው፤ እሱም ከቦታው የለም።

በሰንበሌጥ ወረዳ አራት ትምህርት ቤቶች አሉ። ይዋደዳሉ። አንዱ የጎደለውን ከሌላው ይወስዳል፤ ሲወስድም «ለጊዜው ነው» ይላል። በሰንበሌጥ ወረዳ ያ ጊዜ አልቆ አያውቅም።

ከአራቱ አንዱ ወንዝ ዳር ነው። እዚያ የምትማረው የስድስተኛ ክፍሏ አዝመራ አንድ ነገር ትፈልጋለች፦ ለሴቶች ሽንት ቤት በር። በር ስለሌለው በየእረፍቱ ቤቷ ድረስ ትሮጣለች፤ ስትመለስ ሒሳብ አልቋል። እናቷ «እንዲህ ከሆነማ ቤት ትውያለሽ» ብላታለች፤ እናቷ ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት።

አዝመራ ለዳይሬክተሩ ለጋሽ መንገሻ ነገረቻቸው።

«በሩማ ነበረን፤ የዋርካው ሥር ትምህርት ቤት ሰዎች ለጊዜው ወሰዱት» አሏት።

ዋርካው ሥር ትምህርት ቤት ግማሹ በክፍል፣ ግማሹ በዛፍ ጥላ ይማራል። ቲቸር ውብአለም በሩን ጥቁር ቀለም ቀብታ ታስተምርበታለች፤ መቀርቀሪያው ላይ ዳስተር ተንጠልጥሏል።

«ሰሌዳዬን የጉብታ ትምህርት ቤት ሰዎች ወስደውታል። እሱ ይምጣልኝና በርሽን ውሰጂ» አለቻት።

እንግዲህ ሰሌዳው ካልመጣ በሩ አይለቀቅም፤ በሩ ካልተለቀቀ አዝመራ ሒሳብ አትማርም።

ጉብታ ትምህርት ቤት ነፋስ አይለየውም፤ ኳስ ከተመታ ቁልቁል ሄዶ የሚመለሰው በማግስቱ ነው። ሰሌዳው ድንጋይ ተጭኖበት የጣራውን ቀዳዳ ደፍኗል።

«ባወርደው ዝናቡ አንደኛ ክፍል ላይ ይወርዳል» አሉ ዳይሬክተሩ ጋሽ ታፈሰ። «ቆርቆሯችንን ለገበያ ጎን ትምህርት ቤት አውሰናል።»

«ጣራችሁን አዋሳችሁ?»

«ያኔ በጋ ነበር፣ ልጄ።»

ቆርቆሮው ካልተመለሰ ሰሌዳው አይወርድም፤ ሰሌዳው ካልወረደ በሩ አይለቀቅም፤ በሩ ካልተለቀቀ አዝመራ ሒሳብ አትማርም።

ገበያ ጎን ትምህርት ቤት ልጆቹ ከማባዛት በፊት የሽንኩርት ዋጋ ያውቃሉ። ቆርቆሮው የጎመን መደቡን አጥሯል።

«ጎመኑን የምትበላው ፍየል ካልታሰረች አላነሣውም፤ ጎመኑ የልጆቹ ምሳ ነው» አለ መምህር ይልማ።

«የማን ፍየል ናት?»

መምህሩ ዙሪያውን አየ። «የወይዘሮ ባንቺይርጋ፤ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ።»

ፍየሏ ካልታሰረች ቆርቆሮው አይነሣም፤ ቆርቆሮው ካልተነሣ ሰሌዳው አይወርድም፤ ሰሌዳው ካልወረደ በሩ አይለቀቅም፤ በሩ ካልተለቀቀ አዝመራ ሒሳብ አትማርም።

አዝመራ ጽሕፈት ቤቱ ደረሰች። የመጣችበትንም ለወይዘሮ ባንቺይርጋ ነገረቻቸው።

«እኔስ ፍየሌ ሰው ብታስቸግር ደስ ይለኛል?» አሉ ወይዘሮ ባንቺይርጋ። «አስሬ እንዳላውላት ሣር የለም፤ ግቢ እንዳልዘጋባት የጽሕፈት ቤቱ ግቢ በር የለውም።»

«በሩ የት ሄዶ ነው፣ እትዬ?»

«ለወንዝ ዳር ሴቶች ሽንት ቤት ለጊዜው ሰጠነው።»

አዝመራ ደረጃው ላይ ዘጭ አለች።

«ግቢው በር ካላገኘ ፍየሏ አትያዝም፤ ፍየሏ ካልተያዘች ቆርቆሮው አይነሣም፤ ቆርቆሮው ካልተነሣ ሰሌዳው አይወርድም፤ ሰሌዳው ካልወረደ በሩ አይለቀቅም፤ በሩ ደግሞ ያው በሩ ነው፤ እኔም ሒሳብ አልማርም» አለች በአንድ ትንፋሽ።

ወይዘሮ ባንቺይርጋ ሳቃቸው መጣ፤ ከዚያ አፈሩ።

«ታዲያ ማን ይጀምር?» አሉ።

«ፍየሏን ለእኔ ይስጡኝ። ወንዝ ዳር ሣሩ ሰው ያህላል። ከክፍሌ ጀርባ ታስራ ትዋል፤ ማታ ማታ አመጣልዎታለሁ።»

ፍየሏ ታሰረች። ፍየሏ ስትታሰር ቆርቆሮው ተነሣ፤ ቆርቆሮው ሲነሣ ሰሌዳው ወረደ፤ ሰሌዳው ሲወርድ በሩ ተለቀቀ። ጥቁር እንደሆነ፣ ያልተሠራ የማካፈል ጥያቄ እንደተጻፈበት ወንዝ ዳር መጥቶ ተገጠመ። አዝመራም ሒሳብ ተማረች፤ እናቷም «ቤት ትውያለሽ» ማለቷን ተወች።

ሰንበት ብለው ወይዘሮ ባንቺይርጋ ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ መጡ። ዞረው ዞረው ሽንት ቤቱ ጋ ቆሙና በሩን አንኳኩ።

«ልጆች፣ ይህ በር እኮ የጽሕፈት ቤቱ ነው፤ ለጊዜው ነበር የሰጠናችሁ» አሉ።

«ሰው አለ» አለች አዝመራ ከውስጥ።

ተረቴን መልሱ፤ በሩን ግን እንዳትነኩት።