ለመህር የተጠየቀው የፕላስቲክ ሰዓት

በልባችን የደበቅነውን እያወቀ ሳያጋልጥ ለሚያኖረን ጌታ ምስጋና ይድረሰው። በአንዲት የቆየች ከተማ፣ ከትልቁ መስጊድ ደረጃ ሥር፣ ሀጂ ኸይረዲን የሚባሉ ሰዓት ሻጭና ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ። ሱቃቸው ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። በዚያች ክፍል ውስጥ አንድ ዓይናቸው ላይ ማጉያ መነጽር ሰክተው አርባ ዓመት ሠርተዋል። የከተማው ሰው ይወዳቸዋል፤ ከእሳቸው ዕቃ መግዛት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ዋጋውን ከመናገራቸው በፊት ጉድለቱን ይዘረዝራሉ፤ ይሄኛው ማሰሪያው በላብ ይላላል፣ ያኛው በወር ሁለት ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል እያሉ። ሰዉም ሀጂ ጋ ሰዓት መግዛት የሐኪም ቤት ውጤት እንደ መስማት ነው እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሙዘሚል ወደዚህች ሱቅ ገባ። ሙዘሚል ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ሴራሚክ በማንጠፍ የሚተዳደር ሰው ነው። ሥራው ያማረ ነው፤ ወሬ ግን አይሆንለትም። በዚያን ቀን ሆድ ብሶታል። ረውዳ የምትባል ልጅ ለማግባት ወደ አጎቷ ወደ ጋሽ ጀውሃር ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባቷ በሕይወት ስለሌለ የሚድራት ወሊይዋ እሱ ነው። ጋሽ ጀውሃር የእህል ነጋዴ ነው፤ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብሎ፣ ምሳ አብልቶ፣ "እንግዲህ እናስብበት" ብሎ ሸኛቸው። እናስብበት ማለት አይሆንም ማለት እንደሆነ በዚያ ከተማ የማያውቅ የለም። ሙዘሚልም ምክንያቱን አላጣውም። ሱሪው ጉልበት ላይ ሲሚንቶ የደረቀበት አማች ለእህል ነጋዴ ቤት አይመጥንም።

በሀጂ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ጎኑ ስምንት ማዕዘን የሆነ፣ ፊቱ ሰማያዊ ሰዓት ተቀምጧል። ነገር የገባው ሰው መልኩን ያውቀዋል። ባሕር ማዶ የሚሠራ፣ አንዱ የቤት ዋጋ የሚያወጣ ዝነኛ ሰዓት አለ፤ ይሄኛው ቁርጥ እሱን ይመስላል።

"ሀጂ፣ ይሄን መግዛት ያዋጣል?" አለ ሙዘሚል።

ሀጂ ሰዓቱን አወጡት። "ፕላስቲክ ነው" አሉ እንደ ልማዳቸው። "መስታወቱም ፕላስቲክ ስለሆነ ይጫጫራል። መልኩን ከዚያ ከውዱ ተውሷል። ስሙን ግን አልሰረቀም፤ የራሱ ስም ተጽፎበታል፣ እየው። ስሙን የሰረቀውን አምጥተውልኝ መልሼዋለሁ።"

"ጥቅሙስ?"

"ጥቅሙማ ብዙ ነው። ውሃ አይገባውም፣ ቢወድቅ አይሰበርም። ውዱን በነጻ ቢሰጡህ እንኳ ለሥራ አታስረውም፤ ይሄን ግን ሲሚንቶ ውስጥ ይዘኸው ትገባለህ። ሶላትህንም በወቅቱ ትሰግድበታለህ። እንደ ሰዓት ከገዛኸው ያዋጣል፣ ልጄ።"

"እንደ ሰዓት ነው እንጂ እንደ ምን ይገዛል?"

ሀጂ ማጉያቸውን አውልቀው ፊቱን አዩት። "እሱን አንተ ታውቃለህ" አሉና ሰዓቱን በጨርቅ ወልውለው ሰጡት።

በማግስቱ ጁምዓ ነበር። ሙዘሚል ለዱዓ እጁን ሲያነሳ እጅጌው ወደ ክርኑ ተንሸራተተ። አጠገቡ የተቀመጠው ጋሽ ጀውሃር ነበር። ከሶላት በኋላ ሰላም ሲለው እጁን ከወትሮው አስረዝሞ ያዘው፤ ዓይኑን ከእጁ አንጓ ላይ አልነቀለም።

"ማሻ አላህ" አለ ጋሽ ጀውሃር። "ሥራ ተሳክቶልሃል መሰለኝ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለ ሙዘሚል።

ይህ ውሸት አይደለም። አማኝ በጥጋብም በረሃብም አልሐምዱሊላህ ይላል። ነገር ግን ሙዘሚል ሰውየው ስለ ምን እንደጠየቀው ያውቃል፤ እሱ ስለ ምን እንደመለሰም ያውቃል። ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎቹ እንዲመለሱ መልእክት መጣ፤ የጋብቻው ውል የሚታሰርበት የኒካሁ ቀንም ተቆረጠ።

ወሬው ደግሞ እግር አውጥቶ ከተማውን ዞረ። ሙዘሚል ሪያድ ካለ ባለሀብት ጋር ሸሪክ ሆኗል ተባለ። ሴራሚኩን የሚያነጥፈው ሥራ እንዳይረሳው ብሎ ነው ተባለ። እሱ አዎ አላለም፣ አይደለምም አላለም፤ ፈገግ ብሎ ማለፍን ለመደ። መጀመሪያ ላይ ደስ አለው፤ ለምን እንዋሻለን፣ ማን ደስ አይለውም? ቀን እየቆየ ሲሄድ ግን ደስታው ወደ ፍርሃት ተለወጠ። ሱጁድ ሲወርድ ሰዓቱ ከፊቱ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ያርፋል፤ በሰማያዊው ፊት ላይ የተጻፈችው ትንሽ ስም ትታየዋለች። ዕቃው ማንነቱን ግንባሩ ላይ ጽፎ ይዞራል፣ የሚደብቀው ተሸካሚው ነው። ለጋሽ ጀውሃር ልንገረው ይልና ረውዳን ማጣቱ ትዝ ሲለው ወኔው ይከዳዋል። በሀጂ ሱቅ በኩል ማለፍም ትቶ በመስጊዱ የኋላ በር መውጣት ጀመረ። ወሬው ሀጂም ጋ ደርሷል። ሰዎች መጥተው ሲጠይቋቸው፣ "ባለቤቱ አለ አይደል፣ እሱን ጠይቁት" ብለው ወደ ሥራቸው ያቀረቅራሉ። ባለቤቱን የጠየቀ ግን አልተገኘም።

ሁለት ወር አልፎ የኒካሁ ቀን ደረሰ። የቀትሩ ሶላት ዙህር በመስጊድ ተሰግዶ ሰዉ ወደ ጋሽ ጀውሃር ቤት ሄደ። ሀጂ ኸይረዲንም የመስጊዱ ሽማግሌ ናቸውና በሙዘሚል ወገን ተጠርተው አብረው ሄዱ። በዚያ ከተማ አንድ ልማድ አለ። ኒካሁ ከመታሰሩ በፊት በቃዲው ፊት ነጭ ነጠላ ይነጠፋል። ሁለት ምስክሮች ሙሽሪት ወዳለችበት ክፍል ገብተው ሙሽራው የሚሰጣትን ጥሎሽ፣ የመህሯን ነገር፣ ከራሷ አፍ ይሰማሉ። የጠየቀችው ነገር ነጠላው ላይ ተቀምጦ ምንነቱ ለሁሉም ይነገራል፤ ያልታወቀ ነገር መህር አይሆንማ። አንዷ ወርቅ ትጠይቃለች፣ አንዷ ላም፣ አንዷ ደግሞ ቁርኣን ማንበብ እንዲያስቀራት።

ምስክሮቹ ገብተው ተመለሱ። "ሙሽሪት ሌላ ነገር አልፈልግም ብላለች" አለ ትልቁ። "እጁ ላይ ያሰረው ሰዓት ይበቃኛል ብላለች።"

ቤቱ አጉረመረመ። ያልገባቸው ሰዎች ምን ዓይነት ቁጥብ ልጅ ናት አሉ። ጋሽ ጀውሃር ግን ጺሙን እየዳበሰ ፈገግ አለ። በእሱ ሐሳብ የወንድሙ ልጅ አንድ ቤት ጠይቃ መውጣቷ ነው።

ሙዘሚል እጅጌውን ሰበሰበ። ሰዓቱን ፈታና ነጠላው ላይ አስቀመጠው።

"ምንነቱ ይታወቅ" አሉ ቃዲው። "ሀጂ ኸይረዲን፣ ሙያው የእርስዎ ነው። አይተው ይንገሩን።"

ሙዘሚል ቀና ብሎ ሽማግሌውን አያቸው። እሳቸው እውነቱን ከተናገሩ ነገሩ አብቅቶለታል፤ ረውዳም ሄደች፣ ስሙም ጠፋ። ለአንዲት ቅጽበት፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ያፈረባት ቅጽበት ናት፣ እኚህ አርባ ዓመት ያልዋሹ ሰው ለእሱ ሲሉ እንዲዋሹለት ተመኘ።

ሀጂ ሰዓቱን አልነኩትም። "ምስክርነት ከባድ አማና ነው፣ ቃዲ" አሉ ቀስ ብለው። "ይፍቀዱልኝና ታጥቤ ዉዱኤን ላድስ።"

ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሱና ወጡ። በሙዘሚል አጠገብ ሲያልፉ አላዩትም። ወዲያው ከግቢው የማንቆርቆሪያ ውሃ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭን፣ የማይቸኩል ውሃ። ይቆማል፣ እንደገና ይፈሳል። እንግዶቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንዱ ምነው ዘገዩ ብሎ አንሾካሾከ።

ሙዘሚል ውሃውን እያዳመጠ ሳለ አንድ ነገር ድንገት ገባው። ሀጂ አሁን ታጥበው ዙህርን የሰገዱት ከጎኑ ቆመው ነው። ከመስጊድ እዚህ ድረስ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ደግሞም ሀጂ ያለ ዉዱእ ከሰው መሃል ሲቀመጡ ያያቸው የለም። ሽማግሌው የወጡት ለራሳቸው አይደለም። በሩን ለእሱ ክፍት ትተውለት ነው የወጡት።

"ቃዲ" አለ። ድምፁ ለራሱም ቀጥኖ ተሰማው። "ሀጂን መጠበቅ አያስፈልግም። ሰዓቱ ፕላስቲክ ነው። የገዛሁት ከእሳቸው ነው፤ ምን እንደሆነም ነግረውኛል። ለሰው ያልተናገርኩት እኔ ነኝ።" ወደ ጋሽ ጀውሃር ዞረ። "ጋሼ፣ ውድ ነው ብዬ አልነገርኩዎትም። ግን ውድ መስሎዎት እንደጠሩኝ እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። ሸሪክ የሚባል የለኝም። ሴራሚክ አንጣፊ ነኝ። አውፍ በሉኝ። ኒካሁ ይቅር ካሉም ሐቅዎት ነው።"

የጋሽ ጀውሃር ፊት ተለዋወጠ። አፉን ሊከፍት ሲል ቃዲው እጃቸውን አነሱ። "መህሩ ታወቀ" አሉ። "ሙሽሪት ይህን ሰምታ ትስማማ እንደሆነ ሂዱና ጠይቋት።"

ምስክሮቹ ገቡ። በዚህ መሃል ሀጂ ጺማቸው ውሃ እያንጠባጠበ ተመልሰው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ምን ተባለ ብለው አልጠየቁም። ሙዘሚል ነጠላውን እያየ ሁሉንም ነገር ለመስማት ራሱን አዘጋጀ። የሚገርመው ግን ፍርሃቱ ጠፍቶ ነበር። ቢያጣት ልቡ እንደሚሰበር ያውቃል፤ ሆኖም ሁለት ወር ሙሉ የራቀው እፎይታ ከመልሱ ቀድሞ መጣለት።

ትልቁ ምስክር ሲመለስ ፈገግታውን መደበቅ አቅቶት ነበር።

"ፕላስቲክ መሆኑን አውቃለሁ አለችን" አለ። "የጎረቤቶቿን ሳሎን ሲያነጥፍ፣ ሰዓቱን ከነሲሚንቶው ቧንቧ ሥር ይዞ በሽቦ ሲፈትገው አይታዋለች። ውድ ሰዓት ያለው ሰው እንዲህ አያደርግም አለች። አጎቴ እሺ ያለው ለሰዓቱ ብሎ ነው፤ ሰዓቱ ከእጁ ወርዶ እውነቱ ሲወጣ ልስማ ብዬ ነው የጠየቅሁት አለች። ከዚያ፣ እውነቱን የተናገረው ማን ነው ብላ ጠየቀችን። ሀጂ ከሆኑ ኒካሁ ይቅር፤ እሱ ራሱ ከሆነ መህሬ ይሄ ነው አለች።"

"ምን አላችኋት?" አሉ ቃዲው።

"እሱ ራሱ ነው፣ ሀጂ ገና ውጭ ነበሩ አልናት።"

ቤቱ ሁሉ ወደ ጋሽ ጀውሃር ዞረ። እሱም ጎንበስ ብሎ ሰዓቱን አነሳና መዳፉ ላይ መዘነው።

"አውፍ መባል ያለበት እሱ ብቻ አይደለም" አለ በመጨረሻ፣ ቀና ሳይል። "እኔም የወንድሜን ልጅ ለዚህ ሰጥቼ ነበር። ሴራሚክ አንጣፊ መሆኑን መጀመሪያም አውቅ ነበር፤ ሥራውም ጥሩ እንደሆነ አውቅ ነበር።" ሰዓቱን ነጠላው ላይ መለሰና ወደ ሀጂ ዞረ። "ውሃ አይገባውም የሚባለው እውነት ነው?"

"አይገባውም" አሉ ሀጂ። "መስታወቱ ግን ይጫጫራል።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ጋሽ ጀውሃርም ሳቀ። ቃዲው ኹጥባቸውን አደረጉ፣ ኒካሁ ታሰረ። ሙዘሚል ቀቢልቱ፣ ተቀብያለሁ፣ ሲል ዕንባው ቀደመው፤ ማንም አልታዘበውም።

ሽማግሌዎቹ ሲበተኑ ሙዘሚል ሀጂን ደጅ ድረስ ሸኝቶ ጫማቸውን አቀረበላቸው።

"ሀጂ፣ ዉዱእ ነበረዎት አይደል?"

"ነበረኝ" አሉ። "ላድስ አልኩ እንጂ ፈረሰብኝ አላልኩም።"

"ባልናገርስ ኖሮ?"

"ተመልሼ እናገር ነበራ።" ጫማቸውን አጥልቀው ትከሻውን ያዙት። "ከእኔ አፍ ቢወጣ ምስክርነት ይሆን ነበር፣ ልጄ። ካንተ አፍ ሲወጣ ከጥፋት መመለሻ ተውበት ሆነልህ።"

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬም ውዱን የሚመስል ርካሽ ዕቃ መግዛት ያዋጣል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ነው። ሰዓቱ ጥፋት እንዳልነበረበት አይተናል፤ በራሱ ስም ተሸጠ፣ ሥራ ሠራ፣ መህርም ሆነ። ጥፋቱ የገዢው ዝምታ ነበር። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳፍረኝ የእኛ ነገር ነው፤ የሰው ነውር ያወቅን ዕለት እውነት ነውኮ እያልን ከመስጊድ ደረጃ ሳንወርድ የምናወራው። ሀጂ ኸይረዲን መዋሸት አይችሉም፤ ሰው ማዋረድም አልወደዱም። በሁለቱ መሃል መንገድ የለም የሚል ሰው ካለ፣ እሳቸው አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ የሚፈስበትን ያህል መንገድ አገኙ። የወንድማችንን ነውር ስናውቅ ያንን ያህል ጊዜ እንድንሰጠው፣ እኛም ሲሰጠን ሳንጠቀምበት እንዳያመልጠን አላህ ያግራልን።